ለወረቀት ነው

«ለወረቀት ነው» የሚለውን ወሬ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የሚያዞረው ጠላት አይደለም። የሰርካዲስ የገዛ አባቷ ናቸው። ከቅዳሴ ሲመለሱ ላገኙት፣ ጡረታ ሊቀበሉ ሲሰለፉ ከጎናቸው ለቆመው፣ ቢጠየቁም ባይጠየቁም፣ አቶ ወልደጻድቅ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከል አድርገው «የልጄ ነገር እኮ ለወረቀት ነው» ይላሉ። «ልጁ ፊንላንድ የሚባል አገር ገብቷል። ይወስዳታል፣ ወረቀቷን ታገኛለች፣ በቃ። ማተቧም እንዳለ አንገቷ ላይ ነው።» ሰሚው ራሱን ይነቀንቃል። ሰው ለፍቅር የማያደርገውን ምሕረት ለንግድ ያደርጋል። ሙስሊም አገባች ሲባል ፊቱን የሚያጠቁረው ሁሉ፣ ለወረቀት ነው ሲባል «ጎበዝ ልጅ» ብሎ ያልፋል።

ሰርካዲስ ወሬውን አስተባብላ አታውቅም። እንዲህ ያለ ዝምታ ከእሷ የሚጠበቅ አልነበረም፤ ታይዋን ገበያ ጫማ ስትሸጥ ዋጋ ሰብሮ የጠየቃትን ደንበኛ በአንድ ቃል አጥባ የምትሰድ ሴት ናት። በዚህ ነገር ግን ምላሷን ዋጠችው። እናቷ በሕይወት የለችም፣ ወንድምና እህት የላትም። ያገባች ጊዜ አባቷ በራቸውን ዘግተውባት ሦስት ዓመት ቆዩ። ባሏ ሳላሀዲን ወደ ውጭ ሲሄድ ያ ወሬ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ እሷ እስከምትኖርበት መጋላ ድረስ መጣላት፤ በማግሥቱ እሑድ ሄዳ ብታንኳኳ በሩ ተከፈተ። ስለ ባሏ አንድ ቃል ሳይነሣ ምሳ በሉ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ የምትገባው በዚያች በተሳሳተች ቃል ነው። ቃሏ ከፈረሰች በሩም ይዘጋል።

እውነቱን የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ሳላሀዲን ባሏ ነው፤ የሌሊቷም የቀኗም ባል። ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ሲወጡ ፎቶ አልተነሡም፣ ድግስ አልደገሱም። ገበያ ሲሄዱ ድልድዩን የሚሻገሩት እሱ በግራ፣ እሷ በቀኝ ሆነው ነበር። ከከተማው ሊደበቁ የደከሙት ድካም እንዲህ ሠመረላቸው፤ ባሏ ጋ እንድትሄድ ያስገቡት የመጀመሪያው ማመልከቻ ሲመለስ «ጋብቻው እውነተኛ ስለመሆኑ ቤተሰብ የሚያውቅበት ምልክት የለም» ተባለ። ይግባኙ የመጨረሻው ነው። ዛሬ ረፋዱ ላይ የፊንላንድ ኢሚግሬሽን መርማሪ በአስተርጓሚ ደውሎ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ አንድ የሥጋ ዘመዷን ያናግራል። የሥጋ ዘመድ ያላት ደግሞ አንድ ነው።

ከግቢው ስትወጣ አከራይዋ ካልቱን ቧንቧው ሥር ባልዲ ትሞላ ነበር።

«አቦ ሰርኬ! ፊትሽ ምን ሆነ? ቀብር ነው እንዴ የምትሄጂው?»

«ምን ላድርግ፣ እስክስታ ልውረድ?»

«እኔን ባናገሩኝ ኖሮ፣ ወላሂ! ግቢው በሙሉ በግንቦት አልጋውን አውጥቶ ደጅ ሲተኛ፣ እነዚህ ሁለቱ በር ዘግተው እንደ ዳቦ ይጋገሩ ነበር እላቸዋለሁ። ለወረቀት ብሎ የሚጋገር ሰው አለ?»

«የሥጋ ዘመድ ነው ያሉት። አንቺ ምኔ ነሽ?»

«አከራይሽ! ከአከራይ በላይ ማን ያውቅሻል?»

ሰርካዲስ ሳትፈልግ ሳቀች። ካልቱን ባልዲውን ትታ ቀረበቻት፤ ድምጿም ወረደ።

«ሀቢብቲ፣ ለአባትሽ እውነቱን ነገርሻቸው?»

«አልነገርኳቸውም። እሳቸው ውሸት መስሏቸው ነው እውነት ነው ብለው የሚመሰክሩልኝ።»

ካልቱን በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። «ያ አላህ! ቢያውቁስ?»

«ስልኩን አይነኩትም። እኔንም ከዛሬ በኋላ አያስገቡኝም።»

ባጃጁ የደቻቱን ድልድይ ሲሻገር የደረቀው ወንዝ አሸዋ ገና በጠዋቱ ያንጸባርቅ ነበር። ሰርካዲስ ጉዳዩን በልቧ አገላበጠችው። አባቷ ምስክር ሁንልኝ ስትላቸው እምቢ ይላሉ ብላ ነበር። እሳቸው ግን «መቼ ነው?» ብቻ ነበር ያሉት። በሐሰት መመስከር ምን እንደሚያስከፍላቸው ታውቃለች፤ ባቡር ጥገና ሲሠሩ አለቃቸው ያልሠሩበትን ሰዓት ሞልቶላቸው ቢያገኙ፣ ተጣልተው አስተካክል ያሉ ሰው ናቸው። ያ ሰው ዛሬ ለልጁ ብሎ ነፍሱን ሊያቆሽሽ ተዘጋጅቷል። እሷ ደግሞ «አባዬ፣ አትጨነቅ፣ የምትናገረው ሁሉ እውነት ነው» ብላ ልታሳርፈው አትችልም።

አባቷ በረንዳው ላይ ተላጭተው፣ ኮት ለብሰው፣ እስከ አንገታቸው ቆልፈው ጠበቋት።

«በዚህ ሙቀት ኮት?» አለች።

«ስለማያዩኝ በቢጃማ ልመስክር?»

ውስጥ ገቡ። ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት አድርገው፣ ጠረጴዛውን መሐል አስቀምጠው፣ ሬዲዮኑን ወደ ጓዳ ወስደውታል። ሰርካዲስ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። እሳቸው አሻግረው ወደ መስኮቱ እያዩ፣ «ፍርድ ቤት ቆሜ አላውቅም» አሉ። «ይኸው በስተርጅና ምስክር ሆንኩ። የጠየቁኝን እመልሳለሁ። ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ አንቺን አይመለከትሽም።»

ሰርካዲስ የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረገች።

ስልኩ ጮኸ። አስተርጓሚዋ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት፤ ከጀርባዋ መርማሪው ሰውዬ በማያውቁት ቋንቋ ያጉተመትማል፣ የሚጽፍበት የኮምፒውተር ቁልፍ ይንጣጣል። አባቷ ጆሯቸው ከባድ ስለሆነ ድምፁን ከፍ አድርጋ ነበርና ቤቱ በሙሉ ይሰማል። በእሷ ተራ አባትሽ ይውጡ ያላት አልነበረም፤ እሷም ውጣልኝ ለማለት አፍ አጣች።

እንዴት ተዋወቃችሁ? «በሥራ ምክንያት።» አብራችሁ ስትኖሩ ቀኑን እንዴት ታሳልፉ ነበር? «እንደማንኛውም ሰው፤ ሥራ ውለን ማታ እንገናኛለን።» ባለቤትዎ ምን ዓይነት ሰው ነው? «ጥሩ ሰው ነው።»

የጽሕፈቱ ንጣጣ ቆመ። ሰውዬው የሆነ ነገር አለ። አስተርጓሚዋ ትንሽ አመንትታ፣ «ወይዘሮ ሰርካዲስ፣ መልስዎ የተጠና ይመስላል ይላሉ። ይህ የመጨረሻው ዕድል መሆኑን እንዲያውቁ ይፈልጋሉ» አለች።

ሰርካዲስ ቀና ብላ አባቷን አየች። ኮታቸው ውስጥ ያልባቸዋል። የምታውቀው ሁሉ፣ ሰውዬውን የሚያሳምነው ሁሉ፣ እዚህ ክፍል ውስጥ አባቷ ፊት የሚፈርስ ነገር ነው። ዝም ብትል ባሏን ታጣለች። ብትናገር እኚህን ታጣለች። እንዲህ ያለ ሚዛን ማን ሠራው ብላ ተናደደች፤ ንዴቱ ረዳት። ወንበሯን አዙራ ጀርባዋን ለአባቷ ሰጠች፣ ፊቷን ለግድግዳው።

«ጫማ ሊገዛ መጣ» አለች። «በያጅ ነው፤ እግሩ ላይ የብየዳ እሳት ጠባሳ አለ፣ ሰፊ ጫማ ነው የሚፈልገው። ገዝቶ ሄደ። ጠበበኝ ብሎ መለሰ፣ ሰፋኝ ብሎ መለሰ፣ ቀለሙ አስጠላኝ ብሎ መለሰ። ጫማው ምንም አልነበረበትም። እኔም አውቄበት ነበር፣ ግን እንዳላወቀ ቀየርኩለት።»

ንጣጣው ቀጠለ።

«ድሬዳዋ በግንቦት ቤት ውስጥ አይተኛም፤ ሰው ሁሉ አልጋውን ደጅ ያወጣል። እኛ አላወጣንም። ዘመድ እንዳያየን ውስጥ እንተኛ ነበር። አንሶላ አርሶ መስኮት ላይ ይሰቅላል። የጫማ ካርቶን ይዞ ያራግብልኛል፤ እንቅልፍ ሲጥለው ካርቶኑ ደረቴ ላይ ይወድቃል። ሁዳዴ ስጾም እሱም ቤት ውስጥ ሥጋ አያነሣም። በረመዳን ሊነጋ ሲል ተነሥቼ ምግብ አሞቅለታለሁ፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚበላ እንጣላለን።»

አሁን ማቆም አልቻለችም፤ እንደ ጎርፍ ያዛት።

«አንድ ፅንስ ወርዶብኛል። ሦስት ወር ሞልቶት ነበር። ሐኪም ቤት ይዞኝ ሄደ። ነርሷ ምኗ ነህ ስትለው ኮሪደሩ ላይ የአባቴን ጓደኛ አየ። ወንድሟ ነኝ አለ። ካርዱ ላይ የተጻፈው ወንድም ተብሎ ነው፤ ለዚህ ነው ማስረጃ አድርጌ ያልላክሁላችሁ። የዚያን ቀን ያለቀሰው ለልጁ ይሁን ወንድሟ ነኝ ስላለ እስከ ዛሬ አላውቅም።»

ከጀርባዋ የአባቷ ወንበር ሲንቋቋ ሰማች። አስተርጓሚዋ ይህን ስትተረጉም ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«አንድ ጥያቄ ቀርቷል» አለች ስትመለስ። «በአገራችሁ ልማድ ወንዱ ለሴቲቱ ቤተሰብ ሽማግሌ ይልካል። ባለቤትዎ ልኮ ነበር?»

አምስት ዓመት የዋጠችው እሾህ ይኸው ነበር። ድግስ አልፈለገችም፣ ወርቅ አልፈለገችም፤ ለኩራቷ ግን አንድ ቀን፣ እንደሚባረር እያወቀም ቢሆን፣ አባቷን ደጅ ጠንቶ ስጡኝ ባለ ብላ ትመኝ ነበር። ጠይቃው አታውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ በነገር ወጋ አድርጋው፣ እሱ ጫማውን ሊያወልቅ አጎንብሶ መልስ ሳይሰጥ ቀረ።

«አልላከም» አለች። «ቢልክም አባቴ አይቀበልም ነበር።»

ተራው የአባቷ ሲሆን ውጪ ትጠብቅ ተባለ። ስትወጣ ፊታቸውን አላየችም፤ ያየችው እጃቸውን ነው፣ ከዘራው ላይ ተደራርቦ። ስልኩን አንሥተው ይወረውሩታል ብላ ጠበቀች። በረንዳው ላይ ቆማ ከግቢው ጥግ ያለችውን የኒም ዛፍ እያየች፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን አሰበች። እሑዶቹን አሰበች። ማን ልብሳቸውን እንደሚያጥብላቸው፣ የግፊት መድኃኒታቸውን ማን እንደሚያስታውሳቸው።

ከዚያ ድምፃቸውን ሰማች። ልክ እንደ ድሮው፣ በባቡር ጩኸት ላይ እንደሚጮሁ ሆነው ነው የሚመልሱት።

«አዎ፣ ባሏ ነው!»

ቀጥሎ የአስተርጓሚዋ ቀጭን ድምፅ።

«አይ፣ እኔ አልባረክሁም። አልባረክሁም ማለት ጋብቻ የለም ማለት ነው እንዴ? እኔ ሳልባርክ ፀሐይም ትወጣለች!»

ሰርካዲስ ወደ በሩ ተጠጋች።

«እንደ ባልና ሚስት ነው የኖሩት። መጋላ፣ ካልቱን የምትባል ሴት ግቢ። ቤቱን አውቀዋለሁ። ገብቼ አላውቅም፤ በደጁ ግን አልፌያለሁ።»

እንደገና ቀጭኑ ድምፅ። ያንኑ ጥያቄ እንደሆነ ገባት፤ ሽማግሌ የሚለውን ቃል ለይታ ሰማች። አባቷ ቶሎ አልመለሱም። አስተርጓሚዋ ደግማ ጠየቀቻቸው።

«አልላከም» አሉ።

ተጠርታ ገባች። አስተርጓሚዋ የስንብት ቃሏን ታነብ ነበር፤ ቃለ መጠይቁ ተዘግቷል፣ የተባለው ሁሉ ተመዝግቧል፣ ከዚህ በኋላ የሚጨመርም የሚታረምም ቃል አይኖርም፣ ውሳኔው በጽሑፍ ይደርሳችኋል። መሥመሩ ተቋረጠ።

አባቷ የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈቱ፤ አውልቀው ወንበሩ መደገፊያ ላይ ሰቀሉት። ሸሚዛቸው ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

«አባዬ» አለች ቆማ። «ቅድም ያልኩት ሁሉ…»

«ሰምቻለሁ።»

«የፈጠርኩት አይደለም።»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ። ተቀመጪ።»

አልተቀመጠችም። እሳቸው ተቀመጡ። መሐረባቸውን አውጥተው አንገታቸውን ጠረጉ፣ አጣጠፉት፣ እንደገና ፈቱት።

«ሦስት ወር ሞልቶት ነበር?»

«አዎ።»

መሐረባቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ከአንድ ሌላ ሰው ጋር የሚነጋገሩ ይመስል ወደ በሩ እያዩ፣ «አንዱን ብቻ ነው የዋሸሁት» አሉ።

ሰርካዲስ አልገባትም።

«ሽማግሌውን» አሉ። «ልኳል። ከመፈራረማችሁ በፊት፣ አንቺ ለሐምሌ ገብርኤል ቁልቢ የሄድሽ ዕለት። አብዲራሺድን አምጥቶብኝ፣ አብሮኝ ባቡር ጥገና ያረጀውን። አንድ ጎረቤቱን። ደግሞ አንድ ዲያቆን፤ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ እኔን ደስ ይለዋል ብሎ። ለወረቀት የሚያገባ ሰው እንዲህ አይደክምም፤ ያኔም ገብቶኝ ነበር።»

«አባዬ!»

«አሁን ልኳል ብላቸው አንቺን ውሸታም አደርግሽ ነበር። አንቺ አልላከም ብለሽ ጨርሰሻል።»

«እሱስ? አምስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገረኝም?»

«አስምዬው ነበር። መልሼ ሳባርራቸው፣ ሽማግሌ ልከህብኝ እንደነበር ላትነግራት ማል አልኩት። ማለ።» ከዘራቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ወደ ግቢው በር ጠቆሙ። «እዚያ ጋ፣ ከአጥሩ ውጪ ቆሞ ነበር የሚጠብቃቸው። ጥላ እንኳ የለም እዚያ። እነሱም በረንዳው ላይ ቆመው ቀሩ። በዚያ ፀሐይ ውሃ ጠጡ አላልኳቸውም።»