ደሞዝ የሌላት እህት

«እኔማ እህቱ ነኝ እላለሁ!» አለች ረቢዓ፣ ድምፅዋ ድንኳኑ ድረስ እንዳይሰማ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ። «ገቢዎችም ይምጡ፣ ዳኛም ይምጣ። ይኼ ምኑ ውሸት ነው?»

ጠበቃው ሳማታር ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ጓዳ አስገብተው ሕግ ሲጠይቁት ከብዶታል። የጠራችው ማህደርም አፍራለች። አባቷ ተክለማርያም አፈር ከለበሰ ገና ሳምንት አልሞላም፤ የጅጅጋ ሰው እየጎረፈ ነው። ሐዘንተኛ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል እንጂ ስለ ግብር አያወራም። ግን ምን ታድርግ? በአባቷ ፉል ቤት ላይ በመጣው የደሞዝ ግብር ውሳኔ ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜ ነገ ያበቃል። ዝም ካለች አባቷ ዕድሜውን የጨረሰበት ቤት መታሸጉ ነው።

«ሴትዮዋ ራሷ እህቱ ነኝ ካለች ምን ያጨቃጭቃል?» አሉ አጎቷ ወልደአማኑኤል። ለቀብሩ ከደብረ ብርሃን የመጡ፣ የሟች ታላቅ ወንድም ናቸው። «የወንድሜም ቃል ይኸው ነበር።»

ነበር እንጂ! የገቢዎች ኦዲተሮች ፉል ቤቱ የመጡ ቀን ማህደር እዚያው ነበረች። አንደኛው ረቢዓን እያየ፣ ደሞዟ ስንት እንደሆነና ግብሩ ለምን እንዳልተቆረጠ ጠየቀ። ተክለማርያም ሳቀ። ያ ሳቁ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር።

«ለእህት ደሞዝ ይከፈላል እንዴ? ይልቅ ቁጭ በሉ፣ ፉሉ ሳይቀዘቅዝ!»

እነሱ ግን አልተቀመጡም። ደብዳቤው ሲመጣ ማህደር ጠበቃ እንያዝ ብላ ለመነችው። «እውነት ምን ጠበቃ ያሻታል!» ብሎ መለሳት። የደግነቱን ያህል ግትር ነበር።

መዋሸቱም አልነበረም። ደርግ የወደቀ ሰሞን፣ ወታደርነቱ ቀርቶበት፣ አገሩ መግባት አፍሮ፣ የቶጎጫሌ ድንበር መኪናዎች ከሚቆሙበት ሜዳ ዳር ሲንከራተት፣ በአንዲት ምድጃ ፉል የምትሸጠው ረቢዓ ናት «ና ብላ፣ ወንድሜ» ያለችው። በማግስቱ እንጨት ሊፈልጥላት መጣ፤ በዚያው ቀረ። ቤት ሲከፍቱ ሥጋ አናስገባም ያለው እሱ ነው። «ሥጋ ከገባ ሰው ለሁለት ይከፈላል» ይል ነበር። የቶጎጫሌው ሾፌርና የሚጾመው ዲያቆን አንድ ጠረጴዛ ላይ እየተጋፉ ይበሉ ነበር። በረመዳንም ቴምር አቅርቦ፣ አዛኑን ከሾፌሮቹ ጋር ይጠብቅ ነበር። የማህደር እናት ስትሞት ደግሞ ልጅቷ ያደገችው ረቢዓ ጀርባ ላይ ነው። አይ ያ ጊዜ! የከሙኑ ሽታ፣ የመኪናው ጡሩምባ፣ አባቷ «ረቢዓ፣ አንድ ይጨመር!» እያለ ሲጮህ። ያንን ጩኸት አንዴ ደግማ ለመስማት ምን በሰጠች።

«ሁለት መንገድ አለ» አለ ሳማታር በመጨረሻ። «ቤተሰብ ናት፣ አልተቀጠረችም ብለን እንከራከር። ምስክር ሞልቷል፤ ምናልባትም እንረታለን። ግን ከረታን ኤዶ ረቢዓ፣ አክስታችን፣ በሕግ ዓይን አንድም ቀን አልሠራችም ማለት ነው። ጡረታ የለ፣ የአገልግሎት ክፍያ የለ። አለዚያ ሠራተኛ ናት ብለን እንመን። ቅጣቱ እንዲቀነስ፣ ግብሩንና የጡረታ መዋጮዋን በየወሩ ከፋፍላችሁ እንድትከፍሉ እንጠይቅ። ከባድ ነው ማህደር፣ አልዋሽሽም። ቤቱ ዓመታት ለዕዳ ነው የሚሠራው።»

«ጡረታ ምን ያደርግልኛል?» አለች ረቢዓ። «ስጠይቀው መቼ እምቢ ብሎኝ ያውቃል?»

አዎ፣ አንድም ቀን እምቢ ብሏት አያውቅም። ለእናቷ መታከሚያ ሲሆን፣ ለዒድ ልብስ ሲሆን፣ ኪሱ ገብቶ ሳይቆጥር ይሰጣታል። ማህደር ይህን አስባ ፈገግ ልትል ስትል ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ ረቢዓ እጇን በሽርጧ ደጋግማ እየጠረገች፣ አባቷ ከእንግዶቹ ጋር ጨዋታውን እስኪጨርስ ቆማ ስትጠብቅ።

«ካልጠየቅሽውስ፣ እትዬ?»

ረቢዓ ሻርፗን አጠፈችው፣ መልሳ ዘረጋችው።

«መጠየቅ... መጠየቅ ግን ይደክማል፣ ልጄ» አለች ቀስ ብላ። ወዲያው ሟችን ያማች መስሏት ደነገጠች። «ነፍሱን ይማረው! ደግ ነበር!»

«ደግ ነበር» አለች ማህደር። አባቷን የዚያን ሰዓት ያህል ናፍቃው አታውቅም፤ ተነስቶ ቢመጣ አንገቱን አቅፋ ትጣላው ነበር። «ሳማታር፣ ሠራተኛችን ናት ብለህ ጻፍ።»

«አፈሩ ሳይደርቅ የአባትሽን ቃል ታጥፊያለሽ?» አሉ አጎቷ።

«አሁን ያለችውን ቢሰማ እሱ ራሱ ያደርገው ነበር፣ ጋሼ። አልሰማትም።»

ከውጭ አዲስ ለቀስተኛ እየጮኸ ገባ። ረቢዓ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች።

«እንግዲህ ሠራተኛ ከሆንኩ ልሂድ፣ ሰው መጥቷል» አለች። ልትቀልድ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ከዳት።

ማህደር እጇን ያዘቻት። «ሠራተኛ የራሱ ሰው ሲሞትበት ፈቃድ አለው። አይደለም ሳማታር?»

«አለው» አለ ጠበቃው፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ሳሎን ወስዳ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ያኔ ነው ያስተዋለችው፤ ረቢዓ የምትቀመጠው ፍራሹ ጫፍ ላይ፣ ጫማዋን እንዳደረገች፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀች ነው። ከቀብሩ ጀምሮ እንዲህ ሆና ኖሯል። ማህደር ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችላት። ረቢዓ «ወንድሜን!» ብላ ስትጮህ፣ ያበጡትን እግሮቿን ቀስ ብላ አንስታ ፍራሹ ላይ አሳረፈቻቸው።