የዶሮ እግር ያለው ንጉሥ

መምህር ወንዳወቅ እርጥቡን ጥጥ የወረቀቱ ንጉሥ ፊት ላይ ሲያሳርፍ ጥሩሐረግ ዓይኗን ጨፈነች።

"አይዞዎት እትዬ ጥሩሐረግ፣ የዱቄት ሙጫ ነው። ቀስ ብሎ ይላቀቃል።"

የመምህሩ ቤት ግድግዳ የወረቀት መድረክ ነው። መምህሩ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ይኸው ሆኗል፤ ያለፈ ዓመት ካላንደር፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ፣ የብስኩት ካርቶን ሲቆርጥና ሲለጥፍ ይውላል። ዳኛው የፍየል ጭንቅላት አለው፤ ወታደሮቹ ማንኪያ ታጥቀዋል። መሀል ላይ ዘውድ የደፋው ንጉሥ እግሩ የዶሮ ነው፤ ፊቱ ግን የጥሩሐረግ ልጅ የሠርካለም ጉርድ ፎቶ ነው። መምህሩ ይመራው ለነበረው የድራማ ክበብ መታወቂያ የተነሳችው ነው። ሌላ ፎቶ የላትም።

ሠርካለም ሳውዲ እገባለሁ ብላ ከሰቆጣ ከወጣች ሦስት ዓመት አለፋት። ከጅቡቲ አንዴ ደወለች፤ ከዚያ ወዲያ ድምፅዋ ጠፋ። ባለፈው እሑድ ዘመድ ተሰብስቦ "እርማችንን እናውጣ" አለና ለቅሶውን ለነገ ቅዳሜ ቆረጠ። ሬሳ በሌለበት የሚለቀሰው ፎቶ ተይዞ ነው። ፎቶውን የማምጣቱ ነገር ለእናቲቱ ተተወ፤ አብሬሽ ልሂድ ያላት እንኳ አልነበረም።

ጥጉ ተላቀቀ። ጥሩሐረግ ዓይኗን ስትገልጥ ልጅቷ ጥርሷን ሳትከድን ትስቃለች።

"ምነው ንጉሥ አደረጓት?"

"ሆናማ ነበር። በትምህርት ቤቱ በዓል ቀን አዳራሹን በሳቅ ፈጀችው። አላዩም እንዴ?"

አላየችም። ትያትር የሥራ ፈት ነው ብላ ተቆጥታ ያን ቀን ገበያ ሄዳ ነበር። ምን እንደገዛች እንኳ አታስታውስም። ያ ገበያ አሁን አንገበገባት።

"ምን ነበር የምትለው?"

መምህሩ ጥጡን እንደያዘ ቀጥ ብሎ ቆመና ድምፁን አወፈረ። "ከዛሬ ጀምሮ ያለ እኔ ፈቃድ ዶሮ እንዳይጮህ። ሲነጋ እኔ እነግራችኋለሁ።"

ጥሩሐረግ ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባትና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። ባሏ ከሞተ፣ ልጇ ከሄደች ወዲህ በዚያ ባዶ ቤት ከማን ጋር ትሳቅ?

ስልኳ ጠራ። የደወለው ቢሆነኝ የሚባለው የባሏ ወንድም ነው።

"ፎቶው ተገኘ ወይ? ድንኳን ልንተክል ነው።"

መምህሩ እጁን ሰብስቦ ጠበቃት። ፎቶው እስከ አገጩ ተላቅቋል፤ ትንሽ ቢጎተት ይወጣል። ጥሩሐረግ አውራ ጣቷን የሙጫው ጣሳ ውስጥ ነከረች፤ የተላቀቀውን ሁሉ ቀባችና መልሳ ግድግዳው ላይ ተጫነችው።

"ድንኳኑን ተዉት" አለች።

"ምን ማለትሽ ነው? አገሩ ሁሉ ተጠርቶ?"

"የመጣውን ሰው ደጄ ላይ ቆሜ እኔው እመልሰዋለሁ።"

ስልኩን ዘጋች። ጣቷን ግን ከፎቶው አላነሳችም።

"ለመድረቅ ስንት ሰዓት ይፈጃል?"

"እስከ ማታ" አለ መምህሩ።

ጥሩሐረግ በርጩማውን በእግሯ ወደ ግድግዳው ሳበችና፣ ፎቶውን በጣቷ እንደተጫነች ተቀመጠች።