ሱታ

ሱታ የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ሻሽቱ ታውቃለች፤ ያቃታት መናገሩ ነው።

መቱ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ግሮሰሪዋ መጀመሪያ ሻምፓኝ የከፈተች ዕለት ቡሹ አስፈራትና ጠርሙሱን እንደ በሬ "ሱታ፣ ሱታ" እያለች አባበለችው፤ በኦሮምኛ ቀስ፣ ቀስ ማለቷ ነው። ሻምፓኙን ከጎረቤት ሁሩሙ በመጣ የማር ብርዝ አቅልላ የቀዳችለት ከሆሳዕና አዲስ የመጣው ባለሱቅ ጸጋአብ በማግስቱ ተመልሶ፣ "ያንን ሱታ ድገሚኝ" አላት። ሰዉም አብሮት ጠራው።

አሁን ኦቦ ጭምዴሳ ለልጃቸው ሠርግ መጠጥ ሊመርጡ ከቡሬ ይመጣሉ። እሺ ካሉ ለሠርግ መጠጥ ማቅረብ ይዛ አረቄ እየቀዱ ሰካራም ከመሸኘት ልትገላገል ነው። ችግሩ፣ መጠጥ ለምን ሱታ እንደተባለ ሳልሰማ አልቀምስም ብለው ልከዋል።

"ቀስ ማለት ነው ብለሽ እንዳታዋርጂን" አሉ ድቁና ጀምረው ጾሙ ያስተዋቸው ደንበኛዋ ጋሼ ገብረ መስቀል። "ግእዝ ነው በይ። ሱታፌ፤ አንድነት። ለሠርግ ልክክ ይላል።"

"ፌዋስ የት ሄደች?" አለች ሻሽቱ።

"ተነነች። አረፋ ያለው ነገር አይደል?"

ጸጋአብ በበኩሉ፣ "የጣልያን መኮንን ስም ነው በይ" አለ። ስሙን ያወጣው እሱ መሆኑን እስካሁን የነገረው የለም።

ሻሽቱ ሱታፌን መረጠች።

ኦቦ ጭምዴሳ ለሠርጉ ያሰፉትን ነጭ ሱፍ፣ ገላዬን ይልመድ ብለው፣ ለብሰው መጡ።

"እህ፣ ለምን ሱታ ተባለ?"

"ግእዝ ነው፣ ኦቦ…" አለችና ቡሹን ማላላት ጀመረች። ጠርሙሱ ግን ንግግሯን አልጠበቀም፤ አረፋው ገንፍሎ ወደ ሱፉ አመራ።

"ሱታ! ሱታ፣ ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ልብሴን!" አሉ ኦቦ ጭምዴሳ።

ጋሼ ገብረ መስቀል ብርጭቋቸውን እንደ አዲስ መመርመር ያዙ።

"ይኸው፣ እርስዎው ተረጎሙት" አለች ሻሽቱ። "እኔም ስከፍተው ያልኩት ይችኑ ነው። ግእዙ ውሸት ነው።"

ኦቦ ጭምዴሳ እጅጌያቸውን አዩ። የተቀዳላቸውን ቀመሱ። ደገሙ።

"ልጄ ሰሞኑን ባጃጅ ውስጥ ያገኛትን ሴት ነው ክረምቱ ሳይወጣ የሚያገባው" አሉ። "ለሙሽራው ስትቀጂ የመጠጡን ስም ጮክ ብለሽ ጥሪለት። ከኔ አልሰማ ብሏል።"

"ሱታፌም ቢሆን ቀስ ላለ ሰው ነው የሚሰጠው" አሉ ጋሼ ገብረ መስቀል ለራሳቸው።

"ፌዋ ተመለሰች" አለች ሻሽቱ፣ ሁለተኛውን ጠርሙስ እያነሳች።