ጉዳዩ፦ ጸጥታን ይመለከታል

ደብዳቤው ከመምጣቱ በፊት የከተማዋ ቤተ መጻሕፍት አንድ አዳራሽ፣ ስድስት ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ሠላሳ አራት ወንበሮችና ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሁለት መጻሕፍት ነበሩት። ከወንበሮቹ ሁለቱ ሰው የሚሸከሙት ሰውየው ራሱ ከተጠነቀቀላቸው ብቻ ነው። በቀን በአማካይ አሥራ አንድ አንባቢ ይመጣል። አማካዩን ያወጣችው ኃላፊዋ ራሷ ስትሆን፣ በየቀኑ መመዝገብ ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ዝናብ ሲጥል ቁጥሩ አሥራ ስድስት ይደርሳል፤ ትርፎቹ አምስቱ ግን መጽሐፍ ስለማይነኩ «መጠለያ ፈላጊ» በሚል ዐምድ ለብቻቸው ይሰፍራሉ።

ከተማው ኃላፊዋን እትዬ ሹክሹክታ ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስትሠራ ኖራ፣ አሁን ከፍ አድርጊው ቢሏትም እሺ አይላትም። ገበያ ወጥታ ዋጋ ስትጠይቅ ሻጮቹ ምስጢር የምትነግራቸው እየመሰላቸው ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። አንዳንዶቹም ግራ ቀኝ ተገላምጠው ዋጋ ይቀንሱላታል። በሩ ላይ የሚቀመጠው ሽማግሌ ዘበኛ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ጆሮው ስለደከመ ሲያንሾካሹክ እንኳ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

ደብዳቤው የመጣው ከማዘጋጃ ቤቱ ባህል ክፍል ነው። የክፍሉን ኃላፊ ሰው ሁሉ አቶ ሩብ ዓመት ይለዋል፤ ልጁ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ሲጠየቅ እንኳ በሩብ ዓመት ቆጥሮ ነው የሚመልሰው እየተባለ ይታማል። የደብዳቤው ፍሬ ነገር አጭር ነበር። ማንኛውም የሕዝብ ተቋም ማኅበረሰብ አቀፍ መርሐ ግብር ያካሂዳል፤ ሩብ ዓመቱ ሳያልቅ በአንድ መርሐ ግብር ቢያንስ ሃምሳ ሰው ያልሰበሰበ ተቋም አዳራሹን ያስረክባል። የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለማን እንደሚሰጥም ከወዲሁ ተወስኗል፤ የማዘጋጃ ቤቱ መኪናዎች የጎማ መጋዘን ይሆናል።

እትዬ ሹክሹክታ ቢሮው ድረስ ሄዳ አሥራ አንዱን አንባቢዎቿን አንድ በአንድ አስረዳችው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የሚያስፈራው ሰዓት ሠሪ አለ። በአንድ ክፍል ውስጥ ሰባት ሆነው ስለሚኖሩ ለፈተና የምታጠናበት ያጣች ተማሪ አለች። ሌሊት ሠርታ ቀን መተኛት ያቃታት ነርስ አለች። አቶ ሩብ ዓመት ሰምቶ ሲያበቃ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ።

«እትዬ፣ ጎማ እንኳ ይንቀሳቀሳል» አላት። «የእርስዎ ሰዎች ግን ከተቀመጡ ተቀመጡ ነው።»

መጀመሪያ የመጽሐፍ ውይይት አዘጋጀች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነ። አራት ሰው መጣ። አንዱ ሰዓት ሠሪው ነው። ሁለተኛው ዘበኛው ነው። ሦስተኛው ሽንት ቤት ፈልጎ ገብቶ መውጣት ያፈረ መንገደኛ ነው። አራተኛው ውይይቱን እንዲመራ የተጋበዘው መምህር ሲሆን፣ እሱም መጽሐፉን አላነበበውም። ከሁሉም ጥሩ አስተያየት የሰጠው መንገደኛው ነበር።

ቀጥሎ የልጆች የተረት ቀን ሆነ። እናቶች «መጣሁ፣ አንድ ነገር ገዝቼ» እያሉ ሃያ ሦስት ልጆች በር ላይ አራግፈው ሄዱ፤ የተመለሱት ሲመሽ ነው። እትዬ ሹክሹክታ በሹክሹክታ ስታወራው የዋለችው ተረት ከመጀመሪያው ረድፍ አላለፈም፤ ከኋላ ያሉት የራሳቸውን ፈጥረው ተደባደቡበት። ሪፖርቱ ሲገባ ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመት በታች ያለ ተሳታፊ እንደ ግማሽ ሰው እንደሚቆጠር ተነገራት። አሥራ አንድ ሰው ተኩል ተመዘገበላት።

ሩብ ዓመቱ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ሲቀረው ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አውልቆ፣ ሰው የሌለውን ሱቅ በሌለው ሸቀጥ አታድምቂው አላት። እዚህ ያለው ሸቀጥ አንድ ብቻ ነው፤ ዝምታ። ውጭ ደግሞ በዋጋም አይገኝም። እውነቱን ነበር። በአንድ በኩል ወፍጮ ቤት አለ፤ በሌላው በኩል የአውቶቡስ መናኸሪያ አለ፤ ፊት ለፊት ደግሞ ሁለት የሞባይል ሱቆች ድምፅ ማጉያቸውን አፍ ለአፍ ገጥመው ቀኑን ሙሉ ይጯጯኻሉ። እትዬ ሹክሹክታ ግን ያለ ማስረጃ አትስማማም። ደብተር ይዛ በሩ ላይ አንድ ሰዓት ቆመች። መቶ አርባ ሦስት የመኪና ጥሩምባ ቆጠረች። ከዚያ ገብታ ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጠች።

ሐሳቡ ቀላል ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት የፈለገ ሰው ይመጣል፣ መጽሐፍ ይዞ ይቀመጣል፣ ማንም አይናገርም። ያስቸገራት ስሙ ነበር። «የዝምታ መርሐ ግብር» ብላ ጽፋ ለቅሶ ቤት መሰላትና ሰረዘችው። «የእርጋታ» አለች፤ እሱ ደግሞ የመድኃኒት ስም መሰላት። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረውን «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን ሰሌዳ አየች። እሱን ወሰደች። «ጉዳዩ፦ ጸጥታን ይመለከታል» ብላ ጀምራ፣ ቤተ መጻሕፍቱ የአንድ ሰዓት የጸጥታ መርሐ ግብር ስለሚያካሂድ ለነዋሪው ጥሪ እንዲደረግለት ማዘጋጃ ቤቱን ጠየቀች። ሦስት ጊዜ አነበበችው። አንድ የፊደል ግድፈት አላገኘችበትም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የማዘጋጃ ቤቱ መኪና ማጉያ ጭኖ በመንገዱ ሲያልፍ ሰማችው። ስለ ከተማችን ጸጥታ አስቸኳይ ስብሰባ ስላለ ከየቤቱ አንድ፣ ከየመሥሪያ ቤቱ ሁለት ሁለት ሰው ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ እንዲገኝ ይላል። መቅረት እንደማይቻል ሁለት ጊዜ ተናገረ። እትዬ ሹክሹክታ መዝገቧን ዘግታ በቀጥታ የሄደችው ወደ ታናሽ እህቷ ነው። እህቷ የማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት፤ የገባ ደብዳቤ ሁሉ ወደ የትኛው ክፍል እንደሚሄድ የምትወስነው እሷ ናት።

«አንቺ፣ ደብዳቤዬን ለማን ነው የመራሽው?»

«ለማን ልምራው? ጸጥታ ይላል፤ ለጸጥታ ጽሕፈት ቤት መራሁት። እህቴ ናት ብዬም ‹አስቸኳይ› የሚል ማኅተም ደረብኩበት።»

«አላነበብሽውም?»

«እትዬ፣ በቀን ሰማንያ ደብዳቤ ነው የሚገባልኝ። ጉዳዩን አያለሁ። ሁሉንም አነባለሁ ካልኩማ መጥቼ አንቺ ዘንድ እቀመጥ ነበር።»

ማረሚያ ደብዳቤ ቢጻፍ ስንት ቀን እንደሚወስድ ጠየቀቻት። አሥር የሥራ ቀን ነው። ታናሽየው ትንሽ አሰበችና፣ ነገሩ ቢታረም ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠየቀች። ትልቅየው መዋሸት አትችልበትም። አራት፣ አለች። ከአራቱም አንዱ ሽንት ቤት ፈላጊ ሊሆን ይችላል።

«በይ እንግዲያው አፍሽን ያዢ» አለች ታናሽ። «ዝም አይነቅዝም።»

እትዬ ሹክሹክታ ሌሊቱን የደብዳቤዋን ግልባጭ ቃል በቃል መረመረች። ሐሰት የሆነ ቃል አጣችበት። ጸጥታ ብላለች፣ ጸጥታ ይሆናል። ይህም ሆኖ እንቅልፍ አልወሰዳትም።

ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለት ጠባቂዎች መጥተው በሩ ላይ ሰው ይፈትሹ ጀመር። የወፍጮው ባለቤት ስብሰባው በእሱ ጉዳይ ሊሆን ይችላል ብሎ ስለሠጋ ወፍጮውን አቁሞ መጣ። የመናኸሪያው ኃላፊ ጥሩምባ ከልክሎ መጣ። ሁለቱ የሞባይል ሱቅ ባለቤቶች ማጉያቸውን ነቅለው፣ ከስንት ዘመን ኩርፊያ በኋላ ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ አንደኛው ቢከሰስ ሌላው እንዲሰማ ነው። ከመኖሪያ ቤት የመጡት ወንበር ስላልደረሳቸው የመጻሕፍት መደርደሪያ የሞላውን ግድግዳ ይዘው ቆሙ። እትዬ ሹክሹክታ ቆጠረች፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት። አሥራ አንዱ የዘወትር አንባቢዎቿ ጥጉ ላይ ተጨናንቀው፣ ሠርግ ቤታቸው የገባባቸው መስለው ይመለከታሉ።

የፊተኛው ወንበር ላይ የጸጥታ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ተቀመጠ። ከተማው ሻምበሉ ይለዋል፤ ወታደር ከነበረበት ዘመን የቀረለት ማዕረጉና አቀማመጡ ነው። ሻምበሉ ደብዳቤው ከቤተ መጻሕፍቱ ስለመጣ ስብሰባውን የጠራው ባህል ክፍል ነው ብሎ ያምናል። አቶ ሩብ ዓመት ሻምበሉ ነው ብሎ ያምናል። ሁለቱም ሌላው እስኪጀምር በአክብሮት ጠበቁ።

እትዬ ሹክሹክታ ተነሣች። እውነቱን ልትናገር አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ከዚያ ጥጉ ላይ ተማሪዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ስብሰባ መሆኑን ረስታ ስታጠና አየች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ» አለች። «ፊት ለፊታችሁ መጽሐፍ አለ። ጸጥታው አሁን ይጀምራል። አንድ ሰዓት ነው።»

ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ የሰማት የለም። የሰሙት ለኋለኞቹ እየተቀባበሉ አስተላለፉት። መጨረሻው ረድፍ ሲደርስ «የተንቀሳቀሰ ስሙ ይያዛል» ሆኖ ነበር። «ምን አለች?» አለ ዘበኛው ከበሩ። ሁለት መቶ ሰው ዞሮ ሲያየው እሱም አንገቱን ደፋ።

ኮሽ ያለ ነገር አልነበረም። ማንም አልጠየቀም። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል፤ በዚህ ቀን ደግሞ ጭንቅላቱ እንዲታይ የፈለገ አልነበረም። ሰው ሁሉ ነገሩ መጽሐፉ ውስጥ ተጽፎ ይሆናል እያለ ገለጠ። ለወፍጮው ባለቤት የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ደረሰው። ጨረቃ ላይ ስለ እሱ የተባለ ነገር እንደሌለ አረጋግጦ ወደ ፕላኔቶቹ አለፈ።

ለሻምበሉ የደረሰው ስለ ንብ እርባታ ነው። ቀስ ብሎ ያነባል። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄደ የቀፎውን መግቢያ ስለሚጠብቁ ንቦች የሚናገር አንቀጽ አገኘ፤ ጉዳዩ በመጨረሻ ተገለጠለት። እርሳሱን ከኪሱ አውጥቶ ሥሩን ሊያሰምርበት ጎንበስ አለ።

እትዬ ሹክሹክታ አየችው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቤተ መጻሕፍቱን መጽሐፍ የቸከቸከ ሰው ከእጇ አምልጦ አያውቅም። ምን እንደምታደርግ ሳታስበው በረድፎቹ መካከል ሄደች፤ አጠገቡ ቆመች፤ እርሳሱን ከጣቶቹ መካከል መዝዛ ወሰደችው። ከኋላ ሆኖ የሚያይ ሰው የተረዳው ሻምበሉ ትጥቅ መፍታቱን ነው። ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ሻምበሉ ቀና ብሎ አያት። ጆሮዎቹ ቀሉ።

«ይቅርታ፣ እትዬ» አላት፤ በሹክሹክታ።

ከዚያ በኋላ የቀረው አርባ ደቂቃ ሳል እንኳ የሌለበት ሆነ።

አሥር ሰዓት ሲሞላ «አበቃ» አለች። ወዲያው የተነሣ አልነበረም። የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ግን ቃለ ጉባኤውን ጨርሶ ነበር። ስብሰባው በጸጥታ ዙሪያ ለስድሳ ደቂቃ ያለማቋረጥ ተካሂዷል፤ ተቃውሞ አልቀረበም፤ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል ይላል። ምኑ እንደጸደቀ አልተጻፈም፤ የጠየቀም የለም።

አቶ ሩብ ዓመት ክንውኑን ከእቅዱ አራት መቶ ሃያ ስምንት በመቶ ብሎ ላከው፤ አዳራሹ ለቤተ መጻሕፍቱ ጸና። ሻምበሉም እንዲህ ያለ ሥርዓት ያለው ስብሰባ በዕድሜው አይቶ እንደማያውቅ ተናግሮ፣ የጽሕፈት ቤቱ ስብሰባ ሁሉ ከእንግዲህ በቤተ መጻሕፍቱ፣ በየቅዳሜው፣ በፊርማ እንዲሆን አዘዘ። በዚህ ምክንያት የጽሕፈት ቤቱ የራሱ አዳራሽ ባዶ ቀረ። ባዶ አዳራሽ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ ዐይን አያመልጥም። ጎማዎቹ እዚያ ገቡ።

በፊርማ የተካሄዱት ሦስት ቅዳሜዎች ናቸው። ሰው እየፈረመ በጓሮ በር መውጣት ሲለምድ፣ እትዬ ሹክሹክታ የፈራሚውንና የተቀማጩን ቁጥር ጎን ለጎን መዘገበች፤ ልዩነቱ በየሳምንቱ ሰፋ። በአራተኛው ሳምንት ግን አቶ ሩብ ዓመት ላቡን እየጠረገ መጣ። የዓመቱ እቅድ ሁለት መቶ ሰው ብቻ መሆኑን፣ እሱ በመጀመሪያው ቀን መሞላቱን፣ ከዚህ በላይ ከተሄደ የሚመጣው ዓመት እቅድ እንደሚያድግበት አስረዳትና፣ እባክዎ ሰው አያብዙብኝ ብሎ ለመናት። የፊርማው ወረቀት ተነሣ። የማጉያው መኪና ቀረ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወፍጮው ይፈጫል፣ ማጉያዎቹ ይጮኻሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ሹክሹክታ ደብተሯን ከፍታ በሩን ታይ ጀመር። የመጣው አሥራ ሰባት ሰው ነበር። ስድስቱ ከዚያ ሩብ ዓመት በፊት ደጃፉን ረግጠው አያውቁም፤ ከስድስቱ አንዱ ሻምበሉ ነው። ጠባቂ ሳያስከትል ገብቶ የንቦቹን መጽሐፍ ጠየቀ፤ አሥር ሰዓት እስኪሞላም ዘጠኝ ገጽ አነበበ።