የወይዘሮ አልቼ ትንፋሽ

ስልኩ ሲጮኽ ሂልከ ቢላዋውን ከእጇ አላስቀመጠችም። ኦቦ በሚባለው የእንጨት የትንፋሽ መሣሪያዋ ጫፍ የሚሰካውን ሸምበቆ ከጠዋት ጀምሮ እየፋቀች ነው፤ አንዴ እጇ ከከበደ የሁለት ሰዓት ልፋት ገደል ይገባል። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ሸጎጠችው።

«ሂልከ፣ ሩርድ ነኝ። ኦቦ ነፊያችን ታመመብን። አርብ ማታ፣ ትልቁ አዳራሽ። ትመጪያለሽ?»

«እመጣለሁ» አለች፣ የትኛው አርብ እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቅ።

«ልምምዱ እዚያው ቀን ወደ ማምሻው ላይ ነው። ገላገልሽኝ!» ብሎ ዘጋው። ሩርድ ለትልቁ ኦርኬስትራ ሰው የሚቀጥረው ነው፤ ሁለት ጊዜ እምቢ ያለውን ሰው ሦስተኛ አይጠራም ይባላል።

ከጠረጴዛው ማዶ፣ ዳቦዋ ላይ ደቃቅ ቸኮሌት የምትነሰንሰው ልጇ ሚርተ ቀና አለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው።

«እማ፣ የስቅለት አርብ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። የዚያን ቀን ከሰዓት የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ነሽ። ይኸው፣ ግድግዳው ላይ በራስሽ እጅ ጽፈሽዋል።»

ሂልከ ወደ ቀን መቁጠሪያው ዞረች። እውነትም ተጽፏል። በዚህ አገር ከፋሲካ በፊት ባሉት ሦስት ሳምንታት መዘምራን ያለው መንደር ሁሉ የሕማማቱን ሙዚቃ ያዜማል፤ ኦቦ ነፊም ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው ሲሮጥ ይከርማል። ፋሲካ ካለፈ ስልኩ ዝም ይላል። ስለዚህ ሂልከ እምቢ ማለት አትችልበትም። እምቢ ያለች ቀን ስልኩ ለዘለዓለም የሚዘጋ ይመስላታል።

«ታዲያ ከአንዱ ወጥተሽ ወደ ሌላው በባቡር ልትሮጪ ነው?»

«ሰው ያደርገዋል።»

«አውራ ጣት ያለው ሰው።»

ሂልከ ቢላዋውን አስቀመጠች። የኦቦ ክብደት የሚያርፈው በቀኝ አውራ ጣት ላይ ነው። ከጥር ወዲህ የሻይ ኩባያ ስታነሳ እንኳ የጣቷ ሥር ይወጋታል። ሐኪሙ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ከነፋች እስከ መኸር መሣሪያውን እንደማትነካው፣ ምናልባትም ከዚያ በኋላ ጭምር፣ ቁርጡን ነግሯታል። ይህን ከሚርተ በስተቀር የሚያውቅ የለም። «ጣቷን ያማታል» የተባለች ነፊ ስሟ ከቀጣሪዎች ዝርዝር ሲወጣ ቀን አይፈጅም። አብሯት የተማረ አንድ ኦቦ ነፊ ዛሬ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን ይሸጣል።

አንዱ መቅረት አለበት። የትኛው እንደሚቀር ደግሞ በሙያው የታወቀ ነው፤ ለትንሹ ምትክ ይላካል፣ ማንም አይቀየምም።

ለመንደሩ መዘምራን መሪ ለአቶ ሃርመን ደወለች። ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው፤ ስልክ ሲያነሱም ላም እንደሚያረጋጉ ቀስ ብለው ነው።

«አቶ ሃርመን፣ ስለ አርብ ነበር። ምትክ ልላክልዎት ብዬ... ጎበዝ ናት፣ ከእኔ ትሻላለች።»

«ትልቁ አዳራሽ ጠራሽ አይደል?»

«አዎ።»

«ደግ አደረጉ። ሂጂ ልጄ፣ እኛ ምን አለብን። ብቻ ለአልቼ ዛሬውኑ ልንገራት።»

«ምኑን?»

«ብቻዋን የምትዘምረውን እንድትተወው ነዋ። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ትንፋሿ ባሻው ቦታ ያልቅባታል። አንቺ በኦቦሽ እያጀብሽ ትጠብቂያታለሽ። አዲስ ሰው ወረቀቱን ተከትሎ ይሄዳል፣ እሷ መንገድ ላይ ትቀራለች። አምና ሁለቴ ቆማ ማን አወቀ?»

ሂልከ ታውቃለች። የወይዘሮ አልቼ ትከሻ በሰማያዊ ሹራባቸው ውስጥ ትንሽ ከፍ ሲል፣ ሂልከ በኦቦዋ የያዘችውን ድምፅ ትስባለች። አሮጊቷ አየር ስበው እስኪደርሱ ትስባለች። ትልቁ አዳራሽ ውስጥ ማንም ማንንም አይጠብቅም። እሷ ብትቀር ሩርድ እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ኦቦ ያገኛል።

«ገና አይንገሯቸው» አለች። «መልሼ እደውላለሁ።»

ስልኩን ይዛ ተቀመጠች። ሩርድ ስሟን ሲሰርዝ ታያት። ከዚያ ቤቱ ሲሸጥ፣ ከዚያም ሚርተ ትምህርቷን ጥላ ሱፐርማርኬት ስትቀጠር።

«ደግሞ ቤቱን ሸጥሽው?» አለች ሚርተ።

«ማን ነገረሽ?»

«ፊትሽ። ከታኅሣሥ ወዲህ አራተኛ ጊዜሽ ነው።»

ሂልከ ሳትስቅ የሩርድን ቁጥር ነካች።

«ሩርድ፣ አርብ አልችልም።»

«አሁን እሺ ብለሽኝ?»

«ሌላ ሥራ ይዤ ኖሮ» ማለት ትችል ነበር፤ ሁሉም የሚለው እሱን ነው፣ የሚጎዳም የለውም። አፏን ለእሱ ከፈተች። የወጣው ግን ሌላ ነበር።

«አውራ ጣቴን ያመኛል። በቀን አንድ ብቻ ነው የምችለው፤ አንዱን ቀድሜ ይዣለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጥር።»

«እሺ። ሲሻልሽ ደውዪልኝ።»

እደውልልሻለሁ አላለም። ሂልከ ይህን ሳታስተውል አላለፈችም።

ለአቶ ሃርመን «እመጣለሁ፣ ወይዘሮ አልቼ ይዘምሩ» ብላ አጭር መልእክት ላከች። ቀጥላ ከቦርሳዋ የኖታውን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፣ ትገልጣለች፣ በእርሳስ ትንሽ ጭረት ታደርጋለች።

«ምንድነው?» አለች ሚርተ።

«ወይዘሮ አልቼ የሚተነፍሱበት።»

«በቃልሽ ታውቂው የለ?»

«እኔማ አውቀዋለሁ። ለከርሞ ነው። ወንበሩ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አይታወቅም።»

ሚርተ ማኘኳን አቆመች። ዳቦዋን ወደ ጎን ገፍታ ወረቀቱ እንዳይንሸራተት በመዳፏ ያዘችላት።

ሰባተኛው ቦታ ላይ ሂልከን ጣቷ ጠዘጠዛት። እርሳሱን ወደ ግራ እጇ አዛወረችና ስምንተኛውን ጠማማ አድርጋ ጫረችው።