የኦቦ ዲንሳ ፊልም

ኦቦ ዲንሳ አምቦ ላይ ሲኒማ ቤት ነበራቸው። ከፊልሞቻቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ድምፅ የሌለውን፣ አንድ ጣሊያን ከአገር ሲወጣ የተወላቸውን ነበር። ቀን ችሎት ተቀምጦ የሚፈርድ፣ ማታ የሰው ቤት ሰብሮ የሚዘርፍ ዳኛ ታሪክ ነው። ፊልሙ ስለማይናገር ኦቦ ዲንሳ ከመጋረጃው አጠገብ ቆመው በኦሮምኛም በአማርኛም ይናገሩለታል። ወደ ጌዶ የሚያልፉ ሾፌሮች እሳቸውን ሊሰሙ አምቦ ያድሩ ነበር።

ትርፍ ቤት የሚወርሰው አዋጅ ሲወጣ ቀበሌው አዳራሹን ከነዕቃው ወረሰው። ሽማግሌውም ብዙ አልቆዩም፤ አረፉ።

በስልሳ ዘጠኝ ክረምት፣ የድሮ ፊልም የሚያሰባስብ እንግዳወርቅ የሚባል ሰው ከአዲስ አበባ ድረስ ልጃቸውን አስካለችን ፍለጋ መጣ። ፊልሙ በተሠራበት አገር በጦርነት ተቃጥሏል፤ ሌላ ቅጂ የትም አልተገኘም አላት። አስካለች በማግስቱ የቀበሌውን ሊቀመንበር በድሉን ፊልሙን እንዲሰጣት ለመነችው። ከአብዮት በዓል በኋላ ተመለሺ አላት። እሺ ብላ ጠበቀች።

የበዓሉ ጠዋት ከሕዝቡ ጋር ወደ አደባባይ ወጣች። ለበዓሉ በእንጨት በቆመው የክብር በር ላይ፣ ከቀዩ ጨርቅ ጋር የተጠላለፈ ነገር ያብረቀርቃል። ቀርባ አየችው። ያ የአባቷ ፊልም ነው። ዝናብ ሲወርድበት አድሯል፤ በጣቷ ብትነካው ሥዕሉ ተላጠና ባዶ ላስቲክ ቀረ።

ደሟ ፈላ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና እንጨቱ ላይ ወጥታ ፊልሙን እየጎተተች ታወርደው ጀመር። ቀዩ ጨርቅም አብሮ ተቀደደ። አብዮት ጠባቂዎች እግሯን ይዘው አወረዷት። በድሉ ከመድረኩ ወርዶ መጣ።

"የአባቴ ነው" አለችው። "ካልፈለግኸው ምናለ ብትሰጠኝ? ለምኜህ አልነበረም?"

"ያረጀ ላስቲክ ነው" አለ በድሉ። "ይኸው ዛሬ ለአብዮቱ ዋለ።"

ፊቱ ላይ ተፋችበት።

እስከ ገና ታሰረች። ስትፈታ እንግዳወርቅ ተመልሶ መጣ። ጎረቤቷ ሲንቄ ከጭቃው ያነሳችላትን የፊልም ቁራጭ አስካለች ሰጠችው። ወደ መስኮቱ ቢያዞረው የአንዲት ሴት ግማሽ ፊት ብቻ ይታያል። አቀርቅሮ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም። አባቷ ይናገሩት የነበረውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው፤ እሱም በቴፕ ቀዳው። ታሪኩስ ተረፈ፣ እንግዲህ ተጽናኚ ቢላት፣ ተቆጥታ ከቤት አስወጣችው።

በድሉ እሷ ታስራ ሳለ እዚያው አምቦ ወዳለው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት አድጓል። አስካለች መንገድ ላይ ባገኘችው ቁጥር ከፊቱ ትቆማለች። ዓይኑን ሰብሮ መንገድ የሚለውጠው እሱ ነው።