በወይራ የታጠነው ጠርሙስ

የእትዬ ወለተሥላሴ ወፍጮ የሚዞረው አብነት መውረጃው ላይ በቆመው ትራንስፎርመር ነው። ትርፍ ቤቶቻቸው ከተወረሱ ወዲህ የቀራቸው መተዳደሪያ ያቺው ወፍጮ ናት። እኔ ደግሞ ደባላቸው ነኝ። ቤት ማከራየት ክልክል ስለሆነ ለቀበሌው የእህታቸው ልጅ ተብያለሁ። ሁለታችንም ቁጡዎች ስለሆንን ውሸቱን የተጠራጠረ የለም።

ሥራዬ የትራንስፎርመር ዘይት መመርመር ነው። ስናገር ሰው ስለሚስቅብኝ ላስረዳ። የትራንስፎርመር ሆድ በዘይት የተሞላ ነው፤ ዘይቱ ሙቀቱን ያበርዳል፣ ኤሌክትሪኩም ካለቦታው እንዳይዘል ይከለክላል። ሐኪም ደም ቀድቶ በሽታ እንደሚያውቅ እኛም ዘይት ቀድተን የትራንስፎርመሩን ጤንነት እናውቃለን። ላቦራቶሪያችን ውስጥ ሁለት የነሐስ ድብልብሎች ፊት ለፊት የተገጠሙበት ኩባያ አለ። ዘይቱን እንሞላና ኤሌክትሪኩን ቀስ በቀስ እናሳድጋለን። ንጹሕ ዘይት ይታገሣል። ውሃ ወይም ቆሻሻ የገባበት ግን ቶሎ እጅ ይሰጥና በድብልብሎቹ መካከል ብልጭታ ይዘላል።

በሰባ ሦስት ዓ.ም.፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ የኛ ሰፈር ትራንስፎርመር ተራ ደረሰ። የናሙና ጠርሙስ እንደ ስኳር የጠፋበት ጊዜ ነበር። አንድ ጥቁር አረንጓዴ የአረቄ ጠርሙስ አጥቤና አድርቄ ቤት አሳደርኩ። ጠዋት ከቤት እንደወጣሁ ከትራንስፎርመሩ ሥር ቀዳሁ። መጀመሪያ የወረደውን እንደ ደንቡ ደፋሁ፤ «ለቁርጥማት ይሆነናል» ብለው ጣሳ ይዘው የመጡትን ሴቶች ገሥጬ መለስኩ።

ላቦራቶሪ ስደርስ ግን ኤሌክትሪኩ ከሚጠበቀው ግማሽ ሳይሞላ ብልጭታው ዘለለ። ብደግመውም ዘለለ። አለቃዬ ኢንጂነር ፈቃደ ጠርሙሱን አሸተተና ፊቱ ጠቆረ።

«ጭስ ጭስ ይላል፤ ሆዱ ውስጥ የሚቃጠል ነገር አለ። አሁኑኑ ይጥፋ» አለ።

ምትክ ዘይት ከአሰብ እስኪመጣ ወራት ይፈጃል። የግንቦት ልደታ ደርሶ ሴቱ ሁሉ እህሉን ይዞ እትዬ ወለተሥላሴ ደጃፍ ተሰልፎ ሳለ መብራት ጠፋ፤ ወፍጮውም ቆመ።

ከሥራ ስገባ ዱቄት እንደለበሱ ወፍጮው አጠገብ ተቀምጠዋል።

«ታሟል ነው የምትለኝ፣ አምሳሉ?»

«ዘይቱ ጭስ ጭስ ይላል፣ እትዬ። ውስጡ ሳይቃጠል አይቀርም።»

«የምን ጭስ?»

«ጭስ ነዋ። ጭስ ደግሞ ዓይነት አለው?»

«የወይራና የባሕር ዛፍ አንድ ነው?» አሉ ተቆጥተው። ወዲያው ግን ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የወይራ ከሆነ እኔ ነኝ።»

ጠርሙሱን መደርደሪያ ላይ አይተውታል። አረቄ አረቄ እየሸተተ ቢሄድ አለቆቼ ሰካራም ይሉኛል ብለው፣ ወይራ አጭሰው እንደ ጠላ ገንቦ አጥነውልኛል። ዘይቱን ያሸነፈው ጥላሸቱ ነው።

«ማን አጥኑልኝ አለ?» ብዬ ጮኽኩ።

«ይህም ይለመናል?» አሉኝ።

በማግስቱ ነገሩን ለኢንጂነር ፈቃደ ስነግረው አልሳቀም።

«የወፍጮዋ ባለቤት አክስትህ ናቸው። ደባላቸው ነህ የሚልም ሰምቻለሁ። አንተን አምኜ መብራቱን ብለቅና ትራንስፎርመሩ ቢፈነዳ አሻጥር ይባላል፣ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። በዚያን ጊዜ በዚህ ቃል የሚቀልድ አልነበረም። «ያጠኑ ከሆነ እዚሁ ያጥኑ፣ በዐይኔ ልይ።»

እትዬ ወለተሥላሴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ማጨሻና ወይራ ይዘው ላቦራቶሪው መጡ። የቀረበላቸውን ወንበር ትተው ወለሉ ላይ ቁጢጥ አሉ። አንዱን ጠርሙስ ጭሱ ላይ ደፍተው ሲያጥኑ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ እያሳለ ወጣ። ኢንጂነሩ ግን እንባውን እየጠረገ እስከ መጨረሻው አየ። ከዚያ የታጠነውንና አንድ ያልታጠነ ደረቅ ጠርሙስ ይዞ፣ እኔን ሳያስነካ፣ ከትራንስፎርመሩ ራሱ ቀድቶ ተመለሰ።

የታጠነው ገና ከመጀመሩ ብልጭ አለ። ሽታውም ያው የትናንቱ ነው። ቀጥሎ የደረቀው ጠርሙስ ዘይት ተሞላ። የመለኪያው መርፌ ወጣ፣ አሁንም ወጣ፤ ብልጭታ የለም።

«ምን ሆነ?» አሉ እትዬ ወለተሥላሴ ትንፋሻቸውን ይዘው።

«ዘይቱ እየታገሠ ነው።»

«እንደኔ በለኛ።»

ኢንጂነሩ መብራቱ እንዲለቀቅ አዘዘ። ወፍጮዋ ተረፈች ብዬ ሳልጨርስ ወደ እሳቸው ዞረ።

«እማማ፣ ይህ ሰው እውነት የእህትዎ ልጅ ነው ወይስ ደባል?»

ቀበሌ ከሰማ ክፍሌም ይወረሳል፣ እሳቸውም ይጠየቃሉ። እሳቸው ግን ፍሙን እየሰበሰቡ ቀና እንኳ አላሉም።

«አንተ ኢንጂነር፣ ለደባል ዕቃ የሚያጥን ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ኢንጂነሩ ጥያቄውን ትቶ ጠርሙሶቹን መሰብሰብ ጀመረ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ዕቃ ያጠነልኝ ሰው አልነበረም፤ እኔ ደግሞ በዚያ ነው የጮኽኩባቸው። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ።

በማግስቱ ወፍጮዋ እያጓራች ለሥራ ስነሳ የናሙና ጠርሙሴ መደርደሪያው ላይ እንዳስቀመጥኩት ነበር፤ አልነኩትም። አጠገቡ ያለውን የውሃ ኮዳዬን ከፍቼ አንድ ጊዜ ጎነጨሁ። ወይራ ወይራ ይላል።